ከሥር የሚያፈስ፣ ከላይ የተደፈነ

መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ ሰው ጡረታ የሚወጣበትን ቀን የሚቆርጥለት መሥሪያ ቤት የለም። የሚቆርጥለት ጉልበቱ ነው። የእኔ ጉልበት ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በቃኝ አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። የሸዋ ሮቢቱን ጋራዤን ቁልፍ አብረውኝ ይሠሩ ለነበሩ ሁለት ወንድማማቾች አስረከብኩ። ኪራዩን በየወሩ ያመጡልኛል። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። "ጋሼ አበራ፣ ያቺን በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና አዩዋት? እንግዲህ የእናንተ ነገር አበቃለት!"

አይቻታለሁ። አንዷ አስፋልቱ ዳር ቆማ ሳለ ሹፌሩን አስፈቅጄ ጎንበስ ብዬ አየኋት። ጭስ የላትም፤ ድምፅም የላትም። ነገር ግን ጎማዋን የሚያዞረው ዘንግ ያው ከማርሽ ቤቷ ወጥቶ ነው የሚሄደው። ዘንግ ከዘይት ቤት ከወጣ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ካለ ዘይቱ እንዳይፈስ ዘንጉን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ። እኛ ፓራዮሊ እንለዋለን። ፓራዮሊ ካለ ደግሞ አንድ ቀን ያፈሳል። ስለዚህ ሙያው አላበቃም፤ ያበቃሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለልጆቼና ከእኔ በኋላ መኪና ሥር ለሚገባ ሰው ነው። ጽሑፌ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይደለም። መጻፉንም ሙያውን እንደተማርኩት ነው የተማርኩት፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ እያየሁና እየተሳሳትኩ።

ሥራ የጀመርኩት በቆላው ከነበሩት የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ ትራክተር አጣቢ ሆኜ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ነበር። አጣቢ መሆን አሳፋሪ ይመስላል፤ ነገር ግን የትራክተርን ሆድ ከመካኒኩ በፊት የሚያየው አጣቢ ነው። የቱ ጋ ዘይት እንዳላበው፣ የቱ ብሎን እንደላላ ጭቃው ሲነሳ ይታያል። ያየሁትን ለመካኒኮቹ መንገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በኋላ ይጠይቁኝ ጀመር። ከዚያ መፍቻ አቀብል አሉኝ፤ ከዚያ ፍታ አሉኝ። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ቃሉን አላነብም ነበር። ሥዕሉን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ እስካየው ድረስ እመለከተው ነበር።

የወርክሾፑ አለቃ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። የቆላው ሙቀት አስመርሮት ነው መሰለኝ ሁልጊዜ ይቸኩላል። "ዛሬ ስንት ወጣ?" ነበር ሰላምታው። በደንብ ተሠርቶ የወጣና እንደነገሩ ተሠርቶ የወጣ ትራክተር ለእሱ አንድ ነበሩ። እጀ ፈጣን ያደረገኝ እሱ ስለሆነ አላማውም። ፍጥነት ብቻውን ግን ወረፋ ያሳጥራል እንጂ ሥራ አያሳምርም።

የእርሻው ሥራ ሲቀዘቅዝ ጀውሃ ሄጄ ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ተቀጠርኩ። ጋሼ እንድሪስ ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ግራር ሥር መኪና የሚጠግን ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር። እናቱ አርጎባ ናቸው። ከሹፌሮቹ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ይቀልዳል። ሲሠራ ግን አይቀልድም።

የእሱን አሠራር ዛሬም በእጄ ላይ ነው የማገኘው። ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት ያጥባል። የሚፈታውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ሁሉ ያጥባል። "ቆሻሻ ቤት በር ከከፈትክ የሚገባው ቆሻሻ ነው" ይል ነበር። አሮጌውን ፓራዮሊ ከማውጣቱ በፊት ከአጥር የማሽላ አገዳ ይሰብርና ወደ ቀዳዳው ከቶ ፓራዮሊው የተቀመጠበትን ጥልቀት ይለካል፤ አገዳውን እዚያው ላይ በጥፍሩ ያጥፈዋል። አዲሱን ሲያስገባ በዚያው አገዳ ይለካል። አሮጌውን ሲያወጣ የካቻቢቴው ጫፍ ቤቱን እንዳይቧጭረው ጨርቅ ይጠቀልልበታል፤ አንድ ጭረት ለዘይት መንገድ ነውና። አዲሱን በመዶሻ አይመታም። በልኩ የተቆረጠ የውሃ ቧንቧ ይደግፍበትና ቧንቧውን ነው ቀስ እያደረገ፣ ዙሪያውን እኩል እያስኬደ የሚመታው። ዘንጉን መልሶ ሲያስገባ የዘንጉ ጥርስ የፓራዮሊውን ከንፈር እንዳይቆርጠው ስስ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፤ ከንፈሩንም ዘይት ይቀባዋል። ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያው መቶ ሜትር ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር። ጋሼ እንድሪስ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሹፌሩን ድንጋይ ላይ ያስቀምጠውና፣

"የት ውላ መጣች?" ይላል።

"ማን?"

"ማን ትሆናለች? አማትህ! መኪናዋን ነው እንጂ።"

"ጋሼ እንድሪስ፣ ወላሂ ቸኩያለሁ።"

"ከቸኮልክማ በደንብ ተቀመጥ።"

ከዚያ መንገዱን ሁሉ ያስተርከዋል። የትኛው ዳገት ላይ፣ ምን ጭነህ፣ ወንዝ ተሻግረሃል ወይ፣ የቆመችው የት ነው፣ አብሮህ የነበረው ማነው። እኔ ይህን እንደ ወሬ እቆጥረው ነበር። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ብረት እንጂ ሰው አያዋራኝም። "ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ እዚሁ አለች፣ እንያት" እለው ነበር። "መኪናዋ የታመመችበትን ታሳይሃለች፤ ያሳመማትን የሚያውቀው ሹፌሩ ነው" ይለኝ ነበር። ሰማሁት፤ አልያዝኩትም።

በዚያ ዘመን በክረምት ወደ ቆላው እርሻዎች የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ድልድይ የሌላቸውን ወንዞች በደረታቸው ነበር የሚሻገሩት። ካምቢዮም ሆነ ዲፈረንሻል፣ ማርሽ በዘይት ውስጥ የሚኖርበት ቤት ሁሉ፣ አናቱ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለው። ዘይቱ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጥና በዚያ ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ግን ውሃ በዚያው ይገባል። ስለዚህ ሹፌሮቹ ከመሻገራቸው በፊት የልብስ ሳሙና በእጃቸው አልፍተው መተንፈሻውን ይደፍኑታል፤ ማዶ ሲደርሱ ያወጡታል። ጋሼ እንድሪስ ሳሙናውን ራሱ ሲደፍን መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስር ነበር። ሳሙናው ሳይወጣ ጨርቁ አይፈታም። "ብረትም ይተነፍሳል" ይላቸው ነበር ሹፌሮቹን። "አፍንጫውን ይዘህ ዳገት ውጣ ብትለው በሌላ በኩል ነው የሚያወጣው።" በሌላ በኩል ማለቱ ምን እንደሆነ ገብቷቸው ይስቃሉ። በሌላ በኩል ማለት በፓራዮሊው ማለት ነው።

ጋሼ እንድሪስ ሲያርፍ፣ አላህ ይማረው፣ ሸዋ ሮቢት መጥቼ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ማለት ይቻላል። ቆላ ላይ ብረት ከሰዓት በኋላ በእጅ አይያዝም፤ ስለዚህ ከባዱን ሥራ በማለዳ እንሠራ ነበር። ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ ያስከፈልኩት ሰው የለም። ሠራተኞቼ ይፈሩኝ ነበር። ልጆቼም ይፈሩኝ ነበር። መፍራታቸውን እንደ ማክበር ነበር የምቆጥረው።

የበኩር ልጄ ሀብታሙ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መኪና ይወድ ነበር። እኔ ደግሞ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ የእኔ ልጅ ጋራዥ አይገባም። እጁ ላይ ዘይት ካየሁ እቆጣለሁ። እኔ የተኛሁበት ጭቃ ላይ እንዲተኛ አልፈለግኩም። እንዲማር ነበር የምፈልገው፤ ተማረም። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዞ ወጣ። ሥራ ግን አላገኘም። ደጅ ሲጠና ከርሞ ሚስት አገባ። ከሚስቱ ከመሠረት ጋር ተማክረው ቤት ሊሠሩበት የገዙትን ቆርቆሮና እንጨት ሸጡና፣ ያላቸውን ሁሉ ጨምረው አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዙ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተዋውሎ የጤና ባለሙያዎችን ከሸዋ ሮቢት ወደ ቀወት ቆላ ቀበሌዎች ያደርሳል፤ የሚላክ ናሙና ሲኖር ደግሞ ደብረ ሲናን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ያደርሳል። ኑሮአቸው እንዳለ በዚያች መኪና ላይ ነበር። እኔ "ሹፌር ሆንክ?" ከማለት በቀር የመረቅኩት ነገር የለም።

ባለፈው ሐምሌ መኪናዋን ይዞ መጣ።

"አባባ፣ በቀኝ ጎማ በኩል ዘይት ታፈሳለች።"

"ጉድጓዱ ላይ አቁማት" አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም።

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ዘንጉ ከካምቢዮው የሚወጣበት ቦታ ዘይት አርሶታል። የፓራዮሊ ሥራ ነው፤ ጥርጥር የለውም። አጠብኩ። ዘይቱን አወረድኩ፤ ጎማውን አወጣሁ፤ ዘንጉን ሳብኩ። ዘንጉ ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍሬን አስኬድኩ፤ ጥፍሬን የያዘው ጎድጓዳ አልነበረም። በአገዳ ለካሁ፤ በቧንቧ አስገባሁ፤ ከንፈሩን ቀባሁ። ጋሼ እንድሪስ ቢያየው የሚነቅፈው ነገር አልነበረበትም። ለልጄ ስሠራ ከሌላው ሰው ይልቅ ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት፤ ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ።

"አባባ፣ ደገማት።"

"ማርሽ አታውቅም ማለት ነው። ዳገት ላይ ስታስጨንቃት ነው።"

"አባባ፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው…"

"ቀስ ያለ ሰው ፓራዮሊ አይጨርስም!"

ድጋሚ ቀየርኩት። አሁን ደግሞ የገዛሁበትን ሱቅ ጠረጠርኩና ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ አዲሱን ትንሽ ጠለቅ አድርጌ ከንፈሩ ዘንጉ ላይ ያልተነካ ቦታ እንዲያርፍ አደረግኩት። ይህን ብልሃት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ በዚህም ኮራሁ። ጨርሼ ስወጣ ወንድማማቾቹ እየሰሙ፣ "ከዚህ በኋላ ካፈሰሰች ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ወደዚህ እንዳታመጣት" አልኩት።

"እሺ አባባ" አለኝ።

ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ "እሺ አባባ" ሲለኝ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋ መንገድ ላይ የቀረችው ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ናሙና ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ደብረ ሲና ሳይደርሱ፣ ዳገቱ ላይ ካምቢዮው ጮኸ፤ ከዚያ ተቆለፈ። ዘይቱ እንዳለ በመንገድ አልቋል። የጤና ጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪ ሲስተር ትዕግሥት አብራ ነበረች። የናሙናውን ሳጥን አቅፋ ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምና ተሳፍራ ሄደች። ሀብታሙ የደወለው ለእኔ አልነበረም፤ ለወንድማማቾቹ ነው። በገመድ ጎትተው አመጡት። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ከመሪው ሳይነሳ፣

"ወደዚህ እንዳታመጣት ብለውኝ ነበር፤ ሌላ የማመጣበት የለኝም" አለኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ካምቢዮው መውረድ ነበረበት። ካምቢዮ ለማውረድ ደግሞ ከላይ ነው የሚጀመረው። ባትሪውን አነሳሁ፤ የአየር ማጣሪያውን አነሳሁ። ከዚያ ሥር የካምቢዮው አናት ታየ። መተንፈሻው ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። በጥፍሬ ፋቅኩትና አሸተትኩት።

ስንት ጊዜ ነው ከሥር የተኛሁት? ዘይቱ የሚፈሰው ከሥር ስለነበር ዓይኔ ከሥር አልተነሳም። የተዘጋው ከላይ ነበር። እኔ በሩን እያጠበቅሁ ውስጥ ያለው ትንፋሽ በሩን ይገፋ ነበር። በዚያ ሁኔታ የዓለም ምርጥ ፓራዮሊ ቢገባ ያፈሳል።

"ሀብታሙ!" ብዬ ጠራሁት። "ይሄ ምንድነው?"

"ሳሙና ነው።"

"ማነው ያስገባው?"

"እኔ ነኝ። ክረምት ስለገባ በየሳምንቱ ወንዝ እሻገራለሁ። ውሃ እንዳይገባ።"

"መቼ ነው የምታወጣው?"

ግራ ገባው። "ይወጣል እንዴ?"

"ይህን ማን አስተማረህ?" አልኩት። ቁጣዬ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር የለመድኩት እሱን ነው።

"እርስዎ ነዎታ።"

"እኔ?"

"ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት በአንድ የጭነት መኪና ወንዙ ድረስ ወስደውኝ ነበር። ሳሙና ሲደፍኑ አየሁ።"

"ማዶ ስደርስ ሳወጣውስ አላየህም?"

"ማዶማ መቼ ወሰዱኝ? 'ፈተና አለብህ፣ ወደ ቤት' ብለው ከዚህኛው ዳር መለሱኝ። እኔ ያየሁት እዚህ ዳር ያለውን ብቻ ነው።"

ወንድማማቾቹ ሥራቸውን ትተው ያዩናል። የማይረሳኝ ነገር፣ ለልጄ ሙያ አላስተማርኩትም ብዬ አስብ ነበር። አስተምሬዋለሁ ለካ። ግማሹን አስተምሬዋለሁ። ምንም የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ግማሽ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ደግሞስ ቢጠይቅ ማንን ይጠይቅ ነበር?

ጋሼ እንድሪስ ቢሆን መኪናዋ የመጣች ቀን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ "የት ውላ መጣች?" ይለው ነበር። ልጁ "ወንዝ ተሻግሬ" ይላል። "ስትሻገር ምን አደረግክ?" "ሳሙና ደፈንኩ።" አለቀ። ሻይ የማያስፈላ ጊዜ ነው የሚፈጀው። እኔ ያልጠየቅሁት ልጄ ስለሆነ ነው። ባዕድ ሹፌር ቢሆን ምናልባት እጠይቀው ነበር። ልጄን ግን የማውቀው መሰለኝ። ቸልተኛ ነው ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ፤ የተወሰነበትን ሰው ማን ይጠይቃል? አባቶች ሆይ፣ ይህን ጥፋት በብረት ላይ ከሠራችሁት ብረቱ ይተካል።

በማግስቱ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሲስተር ትዕግሥት ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ነገር የማታስረዝም ወጣት ሴት ናት። ወንበር ሰጠችኝ።

"ሲስተር፣ ስለ መኪናዋ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም። ደጋግሜ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የበሽታውን ምክንያት ያላገኘሁትም እኔ ነኝ።"

"ጋሼ አበራ፣ ሹፌሩ ልጅዎ አይደል?"

"ነው።"

"አባት ለልጁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።"

"ስለማታውቂኝ ነው" አልኳት። "እኔ ለልጄ እንዲህ ብዬ አላውቅም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋን ይዛ ነው መሰለኝ ወደ መስኮቱ ዞረች። "እሺ፣ እኔ ሰው አልገመግምም። ክትባት ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቆላ ይወርዳል። የሚነሳ መኪና ነው የምፈልገው። ሰሞኑን ሌላ ባለ መኪና አነጋግሬያለሁ፤ ሀብታሙ ማክሰኞ በር ላይ ከሌለ ለእሱ እሰጠዋለሁ። የቆላው ሕፃን የማን ጥፋት እንደሆነ እስኪጣራ ነው የሚጠብቀው?"

ትክክል ናት። እኔም ብሆን እንዲህ ነበር የምለው።

ሀብታሙ ያገለገለ ካምቢዮ ፍለጋ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ሄደና ቅዳሜ ይዞ ተመለሰ። ከመግጠማችን በፊት የግራና የቀኙን ሁለቱንም ፓራዮሊ መቀየር ነበረብን። ቧንቧውን አነሳሁ። ከዚያ ሐሳቤን ለውጬ ለሀብታሙ ሰጠሁት።

"እኔ?" አለኝ።

"ታዲያ አማትህ ትሥራው?"

ከወንድማማቾቹ አንዱ ድምፁን አውጥቶ ሳቀ። ሀብታሙም ሳቀ። አገዳ ስበር አልኩት፤ ሰበረ። ልኩን አሳየሁት። ሲመታ አንድ ጎኑ ቀድሞ ገባበት፤ ጮክ ብዬ "ቁም!" አልኩ። ቆመ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊከተል ነበር፤ ዋጥኩት። "ወጣ አድርገውና እንደገና" አልኩት። እንደገና አደረገው፤ እኩል ገባ። በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። እኔም እንዲሁ ነው የምዳስሰው፤ ከማን እንዳየው አልጠየቅሁትም።

ከዚያ መተንፈሻው ላይ ረጅም ቱቦ ገጥመን ጫፉን ሽቅብ ወስደን ከመስተዋቱ ሥር ልናስረው ተነጋገርን። ያኔ ውሃ አይደርስበትም፤ ሳሙናም አያስፈልግም። ሐሳቡ የሀብታሙ ነበር፤ እኔ ጥሩ ነው ብቻ ነው ያልኩት። ቱቦ ስንፈልግ ሲስተር ትዕግሥት መኪናዋን ለማየት መጣች።

"ቱቦ ነው የጠፋው? የጉሉኮስ ቱቦ ሞልቶናል እኮ።"

"የጉሉኮሱ ለሰው ነው፤ እዚህ ሙቀት ላይ ይቀልጣል" አልኳት።

"እንግዲያው የመኪና ሐኪሞቹ የራሳችሁን ፈልጉ!"

የነዳጅ ጎማ ቱቦ ከገበያ ተገዝቶ ተገጠመ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘይት ሞላን።

ማክሰኞ ማለዳ ሀብታሙ በሩ ላይ ነበር። ክትባቱን፣ ሲስተሯንና ባልደረቦቿን ጭኖ ወደ ቆላ ወረደ። በዚያ ሌሊት ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሞልቷል ይሉ ነበር። እኔ ጋራዡ ውስጥ አንድ ብሎን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። አመሻሹ ላይ አንዱ ወንድም "ጋሼ፣ እቺ ብሎን ምን አደረገችዎ?" አለኝና ከእጄ ወሰዳት። ሀብታሙ ሲመለስ በጋራዡ ፊት ለፊት አለፈ። ክላክስ አደረገ፤ አልቆመም። በማግስቱ ደግሞ ናሙና ይዞ የደብረ ሲናን ዳገት ወጣ። መሸ፤ ወሬ የለም። ስልክ ላነሳ ብዬ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልጠይቀው? ጥያቄ አልለመድኩም።

ሐሙስ ማለዳ ወደ ተከራዩበት ቤት ሄድኩ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ማንም አልተነሳም ብዬ በቀኝ ጎማ በኩል ተንበረከክሁ፤ ከዚያ እጄን ተደግፌ ጎንበስ አልኩ። አሻግሬ ከሥር አየሁ። መሬቱ አመድ የመሰለ ደረቅ አፈር ነው። ካምቢዮውን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ላይ የወንዙ ጭቃ ብናኝ እንጂ ዘይት አልመጣም።

"አባባ! ምን ጠፋዎት?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። መሠረት ናት፤ ባልዲ ይዛ ቆማለች።

"ምንም አልጠፋኝም።"

"ጉድ እኮ ነው! እሱም አሁን ጎህ ሲቀድ እንዲሁ ተደፍቶ ሲያይ ነበር። ምን አይነት ዘር ነው?"

ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አንድ እግሬን ባነሳ ሌላው አይከተልም። መሠረት ባልዲውን አስቀምጣ ስትመጣ ሀብታሙ ከቤት ወጣ። ቆሞ አየኝ። እዚያው እንደተንበረከክሁ ነኝ። መጥቶ ከጎኔ ቁጢጥ አለና እሱም ከሥር ተመለከተ።

"ደረቅ ነው?" አለኝ።

"ደረቅ ነው።"

"ወንዙ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ዳገቱንም ሙሉ ጭነት ይዘን ነው የወጣነው።" ካምቢዮውን እሱም በጣቱ ነካና፣ "ሲስተር ስትወርድ 'በሚቀጥለው ማክሰኞ እንዳትዘገይ' አለችኝ" አለ።

"ያኛውስ ባለ መኪና?"

"ደውላ አመስግናዋለች።"

መሠረት "እልል ልበል ወይስ ጎረቤት ይነሳል?" አለች። ራሷ ሳቀችና ወደ ቤት ገባች።

ሀብታሙ በብብቴ ይዞ አነሳኝ። ቆሜ ሱሪዬን ሳራግፍ ማወቅ የምፈልገው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ወንዙን በየት በኩል እንደሚሻገር፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደምትከብድ፣ በቆላው ቀበሌ ምሳ የት እንደሚበላ። ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም ነበር። እንዴት እንደሚጀመር ሳስብ እሱ ቀደመኝ።

"ዛሬ ማጀቴ የማደርሳቸው ሰዎች አሉ። ከኋላ ነው የሚቀመጡት" አለኝ። "የፊቱ ወንበር ባዶ ነው።"

ገባሁ። እስከ ማጀቴ ድረስ የመንገዱን ነገር እየጠየቅሁት፣ እሱም እየነገረኝ ሄድን። ካራቆሬ ያለው ኩርባ ላይ ማርሽ ዘግይቶ ቀነሰ። የበሩን እጀታ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ እንጂ ስለ አነዳዱ አንድ ቃል አልተናገርኩም።